ሁለት ቲኬት መቁረጥ ጥፋት አይደለም

ባለፈው ሳምንት ለእናቴ ደብዳቤ መጣላት። የጉዞ ኢንሹራንስ ከሸጠላት ኩባንያ ነው። ላመለጠሽ በረራ ካሳ አይገባሽም ይላል። ሁለት ምክንያት ሰጥቷል። አንደኛው፣ በረራዎቹ ለየብቻ የተቆረጡ ስለሆኑ "ኮኔክሽን" (ተያያዥ በረራ) አይባሉም። ሁለተኛው፣ የመጀመሪያው አውሮፕላን የዘገየው 3 ሰዓት አልሞላም። ደውዬ ስጠይቅ ያነጋገረችኝ ሠራተኛ፣ ርካሽ ፈልጋችሁ ለያይታችሁ ከገዛችሁ ኃላፊነቱ የራሳችሁ ነው አለችኝ። ደብዳቤውን ችዬው ነበር። ይህን ግን አልችልም።

ነገሩ እንዲህ ነው። አጎቴ ዐረፈ። እናቴ ለአርባው መድረስ ነበረባት። የምንኖረው ሲያትል ነው፤ ከዚህ አዲስ አበባ ቀጥታ በረራ የለም። ወንድሜ ባጠራቀመው የአየር መንገድ ማይል እስከ ዋሽንግተን ደለስ ኤርፖርት ቆረጠላት። ከደለስ አዲስ አበባ ያለውን እኔ ገዛሁ። ኢንሹራንሱንም እዚያው መክፈያው ገጽ ላይ ጨመርኩ። "ኮኔክሽን ካመለጠ" የሚለውን አይቼ ነው የጨመርኩት። በሁለቱ በረራዎች መካከል ከ4 ሰዓት በላይ ትርፍ ጊዜ ነበር። የሌሊቱ አውሮፕላን ግን 2 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ዘግይቶ ደለስ ገባ። ነጠላዋን ያዘቀዘቀች ሐዘንተኛ፣ ሁለት ሻንጣ እስኪወጣላት ቆማ ጠበቀች። እየገፋች ካውንተሩ ጋ ስትደርስ ተዘግቷል። አውሮፕላኑ ገና መሬት ላይ ነበር። አዲሱ ቲኬት 1,140 ዶላር ወጣበት።

እሺ፣ "ርካሽ ፈላጊዎች" ወደተባልነው እንምጣ። ለለቅሶ የሚሄድ ሰው ከስድስት ወር በፊት ቲኬት አይቆርጥም። ያገኘውን ይቆርጣል። ዴንቨር፣ ሚኒያፖሊስ፣ ዳላስ፣ ላስ ቬጋስ ያለው ወገናችን ሁሉ አዲስ አበባ ለመግባት መጀመሪያ ሌላ ከተማ መብረር አለበት። አንዱን በማይል፣ ሌላውን በካሽ መቁረጥ የተለመደ ነው። ደግሞስ ርካሽ መፈለግ ከመቼ ወዲህ ነው ጥፋት የሆነው? አሮጌ መኪና የገዛ ሰው ሲገጭ፣ አዲስ ብትገዛ ኖሮ ተብሎ ካሳ ይከለከላል? ኢንሹራንሱ እኮ በነፃ አልተሰጠንም። አረቦኑን ከፍለናል፤ ያውም ሳንከራከር።

ከሁሉ በላይ የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው። ይህ ኢንሹራንስ ለማን ነው የሚሸጠው? በአንድ ቲኬት የሚጓዝ ሰው በበረራ መዘግየት ኮኔክሽኑ ቢያመልጠው አየር መንገዱ ተጨማሪ ሳያስከፍል በሚቀጥለው በረራ ያሳፍረዋል። ሻንጣውም እስከ መጨረሻው ታግ ስለተደረገ መሀል ላይ እየጎተተ አይሮጥም። ለዚያ ሰው ትልቁ ኪሳራ፣ ማለትም አዲሱ ቲኬት፣ ቀድሞ ተሸፍኖለታል። ምናልባት ምግብና ሆቴል ይቀረው ይሆናል።

ለየብቻ የቆረጠ ሰው ግን ማንም የለውም። የመጀመሪያው አየር መንገድ፣ ደለስ አድርሼሃለሁ፣ ሥራዬን ጨርሻለሁ ይላል። ሁለተኛው፣ አልመጣህም ብሎ ይመዘግባል። ቶሎ ደውሎ ካላስተካከለ የመመለሻ ቲኬቱ ጭምር ሊሰረዝበት ይችላል። ባዶ ሜዳ ላይ የቆመው እሱ ነው። ኢንሹራንስ የሚያስፈልገው ለእሱ ነው። እሱን "አንተን አይመለከትህም" ብለህ፣ አየር መንገዱ አስቀድሞ ለሚሸከመው ሰው ብቻ የምትሸጠው ነገር ምን ዓይነት መድን ነው? ዝናብ ለማይነካው ሰው ጥላ መሸጥ ነው። የደበደበው ሲመጣ ጥላውን ትነጥቃለህ። ይህን ደጋግሜ ብናገር አይሰለቸኝም፤ ምክንያቱም ሌላው ክርክር ሁሉ እዚህ ላይ ይወድቃል።

የ3 ሰዓቱም ነገር ያው ነው። እንዲህ ያለ የሰዓት ገደብ በብዙ የአሜሪካ የኢንሹራንስ ውሎች ውስጥ ያለ ነው። ግን እናቴ የከሰረችው ሰዓት አይደለም። አውሮፕላን ነው ያመለጣት። የተሸጠላት ሽፋን ስሙ "ያመለጠ ኮኔክሽን" ነው እንጂ "የ3 ሰዓት መዘግየት" አይደለም። 20 ደቂቃ ቀርቷችሁ ነበር ማለት ለተዘጋ ካውንተር ትርጉም የለውም።

ውሉን ማንበብ ነበረባችሁ የሚል ወዳጅም አለኝ። አነበብኩት፤ ከ30 ገጽ በላይ ነው። በሽያጩ ገጽ ላይ በትልቁ የተጻፈው "ኮኔክሽን" ውሉ ውስጥ ገብቶ በትንንሽ ፊደል ሌላ ትርጉም ከተሰጠው፣ ያታለለው የጻፈው ነው እንጂ ያላነበበው አይደለም።

ሕጉ ራሱ ጉዞን እንደ ጉዞ ማየት ከጀመረ ቆይቷል። ዓለም አቀፍ የአየር ጉዞን የሚመለከተው የ1999ኙ የሞንትሪያል ስምምነት ገና በመጀመሪያው አንቀጹ፣ ተዋዋዮቹ እንደ አንድ ጉዞ ካዩት፣ በአንድ ውልም ሆነ በተከታታይ ውሎች ቢታሰር አንድ ጉዞ ነው ይላል። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2022 ደግሞ የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት ከሽቱትጋርት በዙሪክና በፊላዴልፊያ በኩል ወደ ካንሳስ ሲቲ የተደረገ ጉዞ ቀረበለት። አየር መንገዶቹ እርስ በርስ የሚያገናኛቸው ውል አልነበረም። ያገናኛቸው የጉዞ ወኪል ነው፤ በአንድ ዋጋና በአንድ ቲኬት። ፍርድ ቤቱ አንድ ጉዞ ነው አለ። የእናቴ ቲኬት ሁለት ነው፣ አውቃለሁ። ሐሳቡ ግን አንድ ነው። ሰው የሚሄደው ወደ አዲስ አበባ ነው፤ ደለስ ላይ ምን ሥራ አለው?

በኢትዮጵያ ፓስፖርት የሚጓዝ ሰው ደግሞ ሌላ ጣጣ አለበት። የአሜሪካ ቪዛ ወይም ግሪን ካርድ ከሌለው፣ በሸንገን (በአንድ ቪዛ በሚያስገቡት የአውሮፓ) አገሮች ኤርፖርት ውስጥ ለማለፍ እንኳ የትራንዚት ቪዛ ከሚጠየቁት አንዱ ነው። ለየብቻ ቆርጦ ፍራንክፈርት ላይ ሻንጣውን አውጥቶ እንደገና ማስረከብ ካለበት ደግሞ መግቢያ ቪዛ ያስፈልገዋል። በቪዛ ምክንያት የቀረን መንገደኛ ኢንሹራንሶች በአብዛኛው አይክሱም። ይህንን መክፈያው ገጽ ላይ የሚነግረን የለም።

በሁለት ቲኬቶች መካከል 45 ደቂቃ ትቶ የሚሮጥ ሰው አለ። እሱን አትካሱ፤ አልከራከርም። የዝቅተኛ ሰዓት ገደብ በግልጽ ጻፉ፣ 3 በሉት፣ 4 በሉት፣ እናከብራለን። እኛ ከ4 ሰዓት በላይ ትተን ነበር።

በዋሽንግተን ስቴት የኢንሹራንስ ኮሚሽነር ቢሮ አቤቱታ ማስገባት በነፃ ነው። ደብዳቤውን፣ ሁለቱን ቲኬቶች፣ የሽያጩን ገጽ ፎቶ አያይዤ ሰኞ ዕለት አስገብቻለሁ። እንዲህ ያለ ደብዳቤ በእጃችሁ ያለ በየስቴታችሁ አስገቡ፤ ሰነድ አትጣሉ።

እናቴ ቦታ ያገኘችው ከሁለት ቀን በኋላ ነው። ስትደርስ አርባው ወጥቶ፣ ድንኳኑ ተነቅሎ ነበር።