የራቀን ፍቅረኛ ማድመጥ

ለሁለት ዓመት ኮንትራት ወደ ሪያድ፣ ወደ ቤይሩት ወይም ወደ ኩዌት የሄደች ወጣትና አገር ቤት የቀረው ፍቅረኛዋ የሚገናኙት በአብዛኛው በድምፅ ነው። እሷ ማዳሟ ከተኛች በኋላ፣ እኩለ ሌሊት ገደማ፣ ወጥ ቤት ወይም መታጠቢያ ቤት ገብታ በሹክሹክታ ትደውላለች፤ እሱ ስልኩን ከራስጌው አድርጎ ይጠብቃል። ስልኳ በአሠሪዎቿ እጅ ተይዞ በሳምንት አንድ ቀን ብቻ የሚፈቀድላት ሴትም አለች፤ የሰብአዊ መብት ድርጅቶች እንዲህ ያለውን ክልከላ ለዓመታት ሲመዘግቡ ኖረዋል። በዚህ ሁኔታ ፍቅር ይዘልቃል ወይ ተብሎ ሲጠየቅ ሰው ሁሉ የሚያነሳው ርቀቱን፣ የጊዜውን ርዝመትና «ሌላ ቢለምድስ» የሚለውን ስጋት ነው። እኔ ግን ከርቀቱ ይልቅ በዚያች አጭር ጥሪ ውስጥ የሚደማመጡበት መንገድ ብዙ ጥንዶችን እንደሚያለያይ አምናለሁ።

ስለ ድምፅ አስቀድሜ ልናገር። ቪዲዮ ከተለመደ ወዲህ የድምፅ ጥሪ ኔትወርክ ሲደክም ብቻ የሚያዝ አማራጭ መስሏል፤ «ቪዲዮ ክፈቺ» ያላለ ፍቅረኛም እንዳልናፈቀ የሚቆጠርበት ጊዜ ነው። ነገር ግን በየል ዩኒቨርሲቲ የነበረው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ማይክል ክራውስ እ.ኤ.አ. በ2017 ባሳተመው ጥናት፣ ድምፅን ብቻ የሰሙ ሰዎች ፊትንም ጭምር እያዩ ከሰሙት ይልቅ የተናጋሪውን ስሜት በትክክል እንደተረዱ አሳይቷል። ከሙከራዎቹ በአንዱ ተሳታፊዎቹ ግማሾቹ በብርሃን፣ ግማሾቹ በጨለማ ክፍል ውስጥ ተቀምጠው ተነጋግረው ነበር፤ የተሻለ የተግባቡት በጨለማ የነበሩት ሆኑ። ምክንያቱ እምብዛም አይሰወርም። ፊታችንን መግዛት ከልጅነታችን ጀምሮ እንማራለን፤ ድምፃችንን ግን ያን ያህል አንቆጣጠረውም። አድማጩም ዓይኑ ሥራ ሲፈታ ጆሮው ይነቃል።

በተለይ በስደት ላይ ላለች ሴት ቪዲዮ ሌላም ጣጣ አለው። ፀጉሯን ማስተካከል፣ ከጀርባዋ የሚታየውን ግድግዳ መምረጥ፣ የለበሰችውን የሥራ ልብስ መደበቅ ይኖርባታል። ወዲህ ማዶም ስልኩ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል፤ «ከሳሽ»፣ «ጠቆርሽ»፣ «ኧረ ወፍረሻል» እየተባለ ሰዓቱ ያልቅና የፍቅረኛሞቹ ጨዋታ ሳይጀመር «ማዳም መጣች» ተብሎ ይዘጋል። ቪዲዮ ለቤተሰብ ናፍቆት ይጠቅማል። ሁለት ሰዎች ሆዳቸውን ሊገላለጡ ሲፈልጉ ግን ድምፁ ብቻ ቢሆን ይሻላል ባይ ነኝ።

የእኛ ሰው ደግሞ ሲያደምጥ ዝም አይልም። «እህ»፣ «እሺ»፣ «በሞትኩት» ይላል፤ ትንፋሹን ወደ ውስጥ ሳብ አድርጎ፣ ለውጭ አገር ሰው ድንጋጤ በሚመስል አጭር ድምፅ «አዎ» ይላል። እነዚህ ድምፆች አለሁ፣ እየሰማሁ ነው የሚሉ ናቸው፤ በጽሑፍ መልእክት ውስጥ አንዳቸውም የሉም። በዱሮው የቤት ስልክ እንኳ ነበሩ። ያ ስልክ ከ300 እስከ 3,400 ኸርዝ ያለውን የድምፅ ክልል ብቻ ያስተላልፍ ስለነበር የአብዛኛው ሰው ድምፅ መሠረት ከዚያ በታች ተቆርጦ ይቀራል፤ ጆሯችን የጎደለውን ሞልቶ ይሰማል። እናቶቻችን በዚያ በተሸራረፈ ድምፅ ውስጥ ከመጀመሪያዋ «ሃሎ» ተነስተው «ምን ሆነሃል?» ይሉ የነበረው የንግግሩ ፍጥነት፣ ማቋረጡና ትንፋሹ ሳይቆረጡ ስለሚደርሱ ነው።

የድምፅ መልእክት ከጥሪ የሚያንስበትም የሚበልጥበትም አለ። በተባበሩት አረብ ኤሚሬትስ የዋትስአፕ ጥሪ ለረጅም ጊዜ ታግዶ ስለቆየ ብዙ ሰው ቦቲም በሚባለው መተግበሪያ ሲደውል ወይም ቮይስ ሲላላክ ኖሯል። ቮይስ ላይ የሚያቋርጥ ስለሌለ ሰው እስከ መጨረሻው ይናገራል፤ «እህ» የሚልም ስለሌለ ብቻውን ይናገራል። ስለዚህ የመልሱ አጀማመር ከባድ ሚዛን አለው። እሷ ስለ ታመመው ጥርሷ አራት ደቂቃ አውርታ ሳለ እሱ የራሱን ዜና ይዞ ከተነሳ፣ ያ አራት ደቂቃ ባዶ ቤት ውስጥ የተነገረ ሆኖ ይቀራል። ዋትስአፕ እ.ኤ.አ. በ2021 መልእክትን በአንድ ተኩልና በእጥፍ ፍጥነት የማዳመጫ ቁልፍ አምጥቷል፤ ለመሥሪያ ቤት መመሪያ ይመቻል። የፍቅረኛን ድምፅ በእጥፍ ፍጥነት የሚያዳምጥ ሰው ግን ከቃላቱ በቀር የሚቀርለት ነገር መኖሩን እጠራጠራለሁ፤ ቅድም ያልኩት ማቋረጥና ትንፋሽ መጀመሪያ የሚጨፈለቁት በዚያ ቁልፍ ነው።

ይሁንና ድምፅ ስሜትን ያሳያል ማለት ውሸትን ያጋልጣል ማለት አይደለም፤ የብዙ ጥንዶች ችግር የሚጀምረውም እነዚህን ሁለቱን ከማምታታት ነው። ቻርልስ ቦንድና ቤላ ዲፓውሎ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2006 በርካታ ጥናቶችን አሰባስበው እንደመረመሩት፣ ሰዎች እውነትን ከውሸት ለመለየት ሲሞክሩ የሚሳካላቸው በአማካይ 54 በመቶ ያህሉን ጊዜ ብቻ ነው። በግምት ከመናገር እምብዛም አይሻልም። ያም ሆኖ አገር ቤት ያለው ፍቅረኛ ጆሮውን የሚተክለው በእሷ ድምፅ ላይ መሆኑ ቀርቶ ከእሷ ጀርባ ባለው ድምፅ ላይ ይሆናል። «ከኋላሽ የሚያወራው ማን ነው?»፣ «ለምን ቆይተሽ አነሳሽ?»፣ «ትናንት ሌሊት ኦንላይን ነበርሽ፤ ከማን ጋር ነው?» ይላል። በጥንቃቄ እየሰማት ያለ ይመስለዋል፤ የሚያደርገው ግን ምርመራ ነው። ተመርማሪ ደግሞ መልስ ማዘጋጀት ይለምዳል። እሷም ጥሪው ከመጀመሩ በፊት የምትለውን ታሰናዳለች፤ ድምፅዋ ይለሰልሳል፣ ይስተካከላል፣ እሱም ይረጋጋል። ከዚያች ቀን ጀምሮ የሚሰማው የተሰናዳውን ነው።

ምርመራው በአንድ ወገን ብቻ አይደለም። «የላክሁት ገንዘብ ምን ላይ ዋለ?» የሚለው ጥያቄ ተገቢ ነው፤ እንዲያውም መጠየቅ አለበት። ነገር ግን የሳምንቱ ብቸኛ ጥሪ በዚህ ተጀምሮ በዚህ ካለቀ፣ ሥራ አጥቶ የተቀመጠው ሰው ኀፍረቱን የሚናገርበት ቦታ ያጣል። መሬት ሊገዛበት የነበረው ገንዘብ ለእናቱ ሕክምና ወጥቶ ከሆነም ይደብቃል፤ የደበቀውን ሲሸፍን ሌላ ይደብቃል። የገንዘቡ ጉዳይ የራሱ ጥሪ፣ የራሱ ቀን ቢኖረው መልካም ነው።

ሁለቱም ወገን የሚሸሸግበት ሰፊ ዋሻ ሰላምታችን ነው። «እንዴት ነሽ? ደህና ነሽ? ጤናሽስ? ሥራስ? ሁሉ ሰላም?» ለሚለው ሁሉ መልሱ «ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ወይም «አልሐምዱሊላህ» ነው። ይህ የአክብሮት ወግ ስለሆነ ይጥፋ አልልም። ሰላምታው ካለቀ በኋላ የሚጠየቀው ሁለተኛው ጥያቄ ግን አብዛኛውን ጊዜ አይመጣም። እ.ኤ.አ. በ2017 የሃርቫርድ ተመራማሪዎች አጫጭር የመተዋወቂያ ቀጠሮዎችን ሲያጠኑ፣ ሌላው በተናገረው ላይ ተመሥርተው ተከታይ ጥያቄ የሚያበዙ ሰዎች ለሁለተኛ ቀጠሮ ይበልጥ እንደሚፈለጉ አይተዋል። ለአዲስ ትውውቅ ይህን ያህል የሚሠራ ነገር ለቆየ ፍቅር አይሠራም የምንልበት ምክንያት አይታየኝም። «ደክሞኛል» ስትለው «አይዞሽ፣ ያልፋል» ብሎ ከመዝጋት «ምኑ ነው ያደከመሽ?» ማለት፣ «ልጁ ሌሊት ያለቅሳል» ስትል ደግሞ «አንቺ ነሽ የምትነሺለት?» ማለት። ሦስተኛው ጥያቄ ላይ ሲደርስ ስለ አሠሪዋ ባል፣ ስላልተከፈላት ደመወዝ ወይም ስለ ብቸኝነቷ ሊሰማ ይችላል።

ከባዱ እዚህ ላይ ነው። እውነቱ ሲመጣ አድማጩ ምን ያደርጋል? ብዙው ሰው ወዲያው መፍትሔ ይወረውራል፤ «በቃ ተመለሽ» ይላል። እሷ ግን ለደላላ የተበደረችው አለባት፤ ፓስፖርቷም በእጇ ላይሆን ይችላል፤ መመለስ እንደማትችል አስቀድማ ታውቃለች። ስለዚህ «በቃ ተመለሽ» የሚለው መልስ አፍቃሪ ቢመስልም ሁለተኛ እንዳትናገር ያደርጋታል። ሌላው ይቆጣል፣ ሦስተኛው አልቅሶ እሷን አጽናኝ ያደርጋታል። በሐቅ ማድመጥ የምለው የሰሙትን ነገር ተሸክሞ ለመቆየት መድፈርን ነው፤ «ይህን ስትነግሪኝ ፈራሁ፤ ምን እንደምልሽም አላውቅም፤ ግን ቀጥዪ» ማለት በቂ ነው። አድማጩ የራሱን ስሜት ሳይደብቅ ሲናገር እሷም መደበቅ ያለባት ነገር ያንሳል። አደጋ ላይ ያለች ከሆነ ደግሞ ማድመጥ ብቻውን አያድናትም፤ ለኤምባሲም ለቤተሰቧም መናገር የግድ ነው፤ ለመናገር ግን መጀመሪያ መስማት ያስፈልጋል።

«ይህን ሁሉ እየሰማ እንዴት ይተኛል? አለማወቁ አይሻልም ወይ?» የሚሉ አሉ፤ ብዙ ጊዜ ይህን የሚሉት ራሳቸው ሄደው የተመለሱ ሴቶች ስለሆኑ በቀላሉ የማልፈው አስተያየት አይደለም። እውነት ነው፣ እያንዳንዱን ክፉ ቀን ማውራት ሁለቱንም ያደክማል፤ ለመሳቅ ብቻ የሚደወል ጥሪም ያስፈልጋል። ሆኖም ዝምታው የሚተወው ክፍተት ባዶ ሆኖ አይቆይም። ክሪስታል ጂያንግና ጄፍሪ ሃንኮክ እ.ኤ.አ. በ2013 ባሳተሙት ጥናት፣ ተራርቀው የሚኖሩ ጥንዶች ተቀራርበው ከሚኖሩት ይልቅ ስለ ራሳቸው ጠለቅ አድርገው እንደሚነጋገሩና ይበልጥ መቀራረብ እንደሚሰማቸው አግኝተዋል፤ በዚያው ጥናት ግን አንዱ ሌላውን ከሆነው በላይ አሳምሮ እንደሚያስብም ተመልክተዋል። ያልተነገረውን ምኞት ይሞላዋል ማለት ነው። ቦሌ አየር ማረፊያ ላይ አበባ ይዞ የሚጠብቀው ሰው የሚጠብቃት ከሁለት ዓመት በፊት የሸኛትን፣ ከዚያም በምኞቱ ያሳመራትን ልጅ ነው፤ የምትመጣው ሌላ ሴት ናት፤ እሱም ሌላ ሰው ሆኗል።

ኮንትራቱ ሊያልቅ ሦስት አራት ወር ሲቀረው የጥንዶቹ ጨዋታ በሠርጉ ዙሪያ ይሆናል፤ ሽማግሌ የሚላክበት ቀን፣ ቬሎው፣ አዳራሹ፣ ሚዜዎቹ። እኔ ብሆን ከዚያ በፊት ጥቂት ሌሊቶችን ለሌላ ጨዋታ እተዋለሁ፤ ቪዲዮው ተዘግቶ እሷ በነዚያ ሁለት ዓመታት ምን መፍራት እንደጀመረች፣ እሱም ተቀምጦ መጠበቅ ምን እንዳደረገው ይነጋገሩ። ከዚያ በኋላ ሽማግሌ መላኩን ለሌላ ጊዜ ቢያቆዩትም ቀኑን ቢያፋጥኑትም፣ የሚወስኑት በትክክል ስለሚያውቁት ሰው ይሆናል።