ለሸሚዜ ኮሌታ ማርካ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለክቡር የኮሌታ ማርካ
ማጅራቴ ላይ

ጉዳዩ፦ ከሰፈሩበት እንዲነሱልኝ ስለመጠየቅ

ክቡር ሆይ፣ ማጅራት መቺ እንኳ ጨለማን ተገን ያደርጋል፤ ሰው ሲመጣም ይሮጣል። እርስዎ ግን በጠራራ ፀሐይ፣ በስብሰባ መካከል፣ ያውም በገዛ ገንዘቤ ተገዝተው ይመቱኛል።

«65 በመቶ ፖሊስተር፣ 35 በመቶ ጥጥ፣ ከ40 ዲግሪ በላይ አይታጠብ» የሚለውን ጽሑፍዎን በዓይኑ ያነበበ ሰው አላውቅም። የእኔ ማጅራት ግን ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ጀምሮ ሲደጋግመው ይውላል። የሌላው ሰው ነርቭ ልብሱ ገላውን ከነካ ጥቂት ቆይቶ «እሺ፣ ልብስ ነው» ብሎ ዝም ይላል። የእኔው «ጌታዬ፣ አሁንም አለ» እያለ በየደቂቃው ሪፖርት ያቀርባል። ትናንት ሪፖርቱን ሳዳምጥ አለቃዬ የጠየቁኝን ጥያቄ ሳልሰማ ቀረሁ።

ባለፈው ወር በምላጭ ላነሳዎት ሞክሬ ነበር። እርስዎ ሄዱ፣ ጉቶዎ ቀረ። ጉቶው ደግሞ ከእርስዎ ይብሳል፤ የናይለን ክሩ ጫፍ አሜከላ ነው። ሌላኛውን ሸሚዝ ልብስ ሰፊ ዘንድ ብወስደው፣ መነጽሩን ዝቅ አድርጎ «ማርካው ከተነሳ ኦሪጅናል መሆኑ በምን ይታወቃል?» አለኝ። በልጅነቴም የሱፍ ሹራብ አልለብስም ብዬ ሳለቅስ ቤተሰቡ «ቅብጥ» ብሎ ፈርዶብኝ ነበር። ያንን ፍርድ ያለ ይግባኝ 30 ዓመት ተሸክሜዋለሁ።

ለካ ነገሩ ስም አለው፦ የስሜት ሕዋሳት መረጃን የማስተናገድ ችግር። አሜሪካዊቷ ኦኩፔሽናል ቴራፒስት (ሰው የዕለት ተዕለት ተግባሩን እንዲያከናውን የሚረዱ የጤና ባለሙያ) ጂን ኤርስ ገና እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ ጽፈውበታል። የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር ግን እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጣው መመሪያ፣ ለድምፅና ለንክኪ ያልተለመደ ምላሽ መስጠትን ከኦቲዝም መለያዎች አንዱ ሲያደርግ፣ ለብቻው ሕመም ብሎ አልመዘገበውም። እስቲ እርስዎ ይፍረዱ። እርስዎ የተሠሩበት አገር፣ ቁጥርዎ፣ የመተኮሻ ሙቀትዎ ሳይቀር ተጽፎብዎታል፤ የእኔ ችግር ግን እስከ ዛሬ ማርካ የለውም!

ስለሆነም ከነገ ጀምሮ ሸሚዜን ገልብጬ የምለብስ መሆኔን በአክብሮት አሳውቃለሁ። እርስዎም አየር ያግኙ፤ ከኋላዬ የሚሰለፈውም ሰው ያንብብዎት። «ልብስህን ገልብጠሃል» ለሚሉኝ ደጋግ ሰዎች ምላሼን አዘጋጅቻለሁ።

ከሰላምታ ጋር
ማጅራተ ቀዩ ደንበኛዎ

ግልባጭ፦
ለሱፍ ሹራብ
ለካልሲዬ የጣት ስፌት
(ሸሚዙ ከነገ ጀምሮ ራሱ ግልባጭ ስለሆነ አልተላከለትም።)