ማስተካከያ፦ ስለዛ ብርቱካናማ እንጉዳይ

ባለፈው አሜሪካ ካለው ከብሉ ሪጅ ተራራ ጫካ የለቀምኩትን እንጉዳይ ፎቶ ለጥፌ "ብርቱካናማ ከሆነና ከመሬት ከበቀለ ቻንተሬል የሚባለው እንጉዳይ ነው፣ ይበላል" ያልኩት ስህተት ነው፣ ይቅርታ። ጃክ ኦ ላንተርን የሚባለው መርዛማውም ብርቱካናማ ነው፣ የሚበቅለው እንጨት ላይ ቢሆንም ጉቶው አፈር ውስጥ ከተቀበረ ከመሬት የወጣ ነው የሚመስለው፣ እኔንም የሸወደኝ እሱ ነው። ቆቡን ገልብጣችሁ እዩት፣ የቻንተሬል ከቆቡ በታች ያለው እንደ ቀሚስ ሽንሽን ሆኖ ከቆቡ ጋር የተያያዘ ነው፣ የጃኩ ግን እንደ መጽሐፍ ገጽ ስስ ስስ ብሎ የተደረደረ ነው። ስትሰነጥቁት ደሞ የቻንተሬል ውስጡ ነጣ ይላል፣ የጃኩ ውስጡም ብርቱካናማ፤ ብዙ ጊዜ ተጠጋግቶ በዘለላ ነው የሚወጣው። ቢቀቀልም መርዙ አይለቅም፣ ትርፉ ማስመለስና ቁርጠት ነው። የኔን ደፍቼዋለሁ፣ ፎቶዬን አምኖ የለቀመ ካለ እንዳይበላው።