አንድ ጀግና፣ አምስት ተሸካሚ

ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባላል። ይህን የተረተው ሰው ቻሪዛርድ አልነበረውም።

ዛሬ ላመሰግናቸው የተነሳሁት ፖኬሞን በሚባለው፣ ፍጥረታትን እያሳደጉ በሚያዋጉበት የቪዲዮ ጌም ስድስት ቦታ ተሰጥቷቸው አንዱን ብቻ የሚያሳድጉትን ነው። ታውቋቸዋላችሁ። ገና ሲጀምሩ ቻርማንደር የሚባለውን፣ አድጎ አድጎ ቻሪዛርድ የሚሆነውን የእሳት ፍጥረት ከፕሮፌሰር ኦክ እጅ ይቀበላሉ። ከዚያ ወዲያ ሌላ ፍጥረት ዓይናቸው አይሞላም። የሚዋጋው ቻርማንደር፣ የሚያድገው ቻርማንደር፣ መድኃኒቱን የሚጨርሰውም ቻርማንደር። እ.ኤ.አ. በ1996 ጃፓን ውስጥ በወጣው የመጀመሪያው ጌም 151 ፍጥረታት ነበሩ። ለጀግናችን 150ዎቹ ታዛቢ ናቸው።

ታላቅነቱ ገና የመጀመሪያው ጂም (የፈተና ውጊያ ቤት) ላይ ይታያል። የጂሙ አለቃ ብሮክ ሁለት ድንጋዮች ይዞ ይጠብቀዋል፤ ጂኦዱድ ሌቨል 12፣ ኦኒክስ ሌቨል 14። ሁለቱም የድንጋይም የመሬትም ዓይነት ስለሆኑ ውሃ ወይም ሣር ሲያገኛቸው አራት እጥፍ ይጎዳሉ። እሳት ሲያገኛቸው ግን ግማሽ ብቻ። እሳት ይዞ የመጣ ፈሪ ሰው እዚህ ጋ ዘዴ ይፈልጋል። ቪሪዲያን ጫካ ገብቶ ካተርፒ የምትባል ትል ይይዛል። ትሏ ሌቨል 10 ላይ ቢራቢሮ ትሆናለች፤ 12 ላይ ደግሞ ድንጋይ የማይመክተው የአእምሮ ጥቃት ትማራለች። በቃ፣ ብሮክ አለቀለት።

የኛ ሰው ትል አይለቅምም! ሣር ውስጥ ወዲያ ወዲህ እያለ ርግብና አይጥ ሲያቃጥል ይውላል። ቻርማንደር ሌቨል 16 ደርሶ እስኪለወጥ ድረስ አይመለስም። ብሮክ ሲሸነፍ ውጭ መሽቷል። የውሃውን ስኩዊርትል የመረጠው ጓደኛው ይሄኔ ሁለተኛውን ጂም ጨርሷል። ግን የጓደኛውማ ምን ድል ነው? ላብ የለበትም።

የጥቃት ምርጫውንም ሳላደንቅ አላልፍም። አንድ ፖኬሞን የሚይዘው አራት ጥቃት ብቻ ነው። አንዳንድ ጭንቀታም ሰዎች አንዱን ለእሳት፣ አንዱን ለሌላ ዓይነት ጥቃት፣ አንዱን ጠላትን ለማስተኛት ወይም ሽባ ለማድረግ ይመድባሉ። የኛ ሰው አራቱንም እሳት አደረጋቸው። ትንሽ እሳት፣ መካከለኛ እሳት፣ የሚሽከረከር እሳት፣ ትልቅ እሳት። አማራጭ የለውም እንዳትሉት።

አምስቱ የቀሩትስ? ሥራ ፈት አይደሉም። ኦዲሽ መንገድ የዘጋ ዛፍ ትቆርጣለች። ፖሊዋግ ባሕር ያሻግራል። ርግቧ ፒጂ ደግሞ ጌታዋን ተሸክማ ከከተማ ከተማ ትበራለች። ቻሪዛርድ ክንፍ የለውም ወይ ካላችሁ፣ አለው። እንዲያውም ዓይነቱ እሳትና በራሪ ነው። ነገር ግን ሬድ እና ብሉ በተባሉት የድሮ ጌሞች ላይ ሰው ይዞ መብረር መማር አይችልም ነበር። ክንፉ ለፎቶ ነው። ስለዚህ ያን የሚያህል ዘንዶ ኪስ ውስጥ ተኝቶ ሌቨል 9 የሆነች ርግብ ሰውየውን ታንጠለጥላለች። ማጂካርፕም አለ። ዋሻ አጠገብ በ500 የተገዛ፣ መንፈራገጥ ብቻ የሚችል ዓሣ። ሌቨል 20 ቢደርስ ጋያራዶስ የሚባል አውሬ ይሆን ነበር። ግን ማን ጊዜ አለው? ያለውን ጊዜ ቻሪዛርድ ይፈልገዋል። አምስተኛው ራታታ ነው። የእሱን ሥራ አልደረስኩበትም።

የቡድን ሥራው ጣሪያ የሚነካው መጨረሻ ላይ ነው። አራቱ ታላላቅ የሚባሉትን ተፋላሚዎችና ሻምፒዮኑን በተከታታይ መግጠም ግድ ነው፤ መሃል ላይ ወጥቶ መታከም የለም። የመጀመሪያዋ ሎሬላይ ናት። አምስት ፖኬሞን አላት፤ አራቱ ውሃ ናቸው። ሚዛናዊ ቡድን ያለው ሰው እዚህ ኤሌክትሪክ ይልክና ወገቡን ይዞ ያያል። የኛ ሰው ውሃ ላይ እሳት ይልካል።

ቻሪዛርድ ይወድቃል። አሁን የፒጂ ተራ ነው። ትወጣለች፣ ላጲስ የምታህል ርግብ፣ ከበረዶ አውሬ ፊት። እሷ ስትመታ ጀግናችን በ1500 የገዛውን ሪቫይቭ የሚባል የወደቀን ማስነሻ መድኃኒት አውጥቶ ለቻሪዛርድ ይሰጣል። ፒጂ ራሷን ትስታለች (ሞተች አይባልም፣ ነውር ነው)። ቻሪዛርድ በግማሽ ነፍስ ይነሳል። ደግሞ ይወድቃል። ኦዲሽ፣ ተራሽ ነው! ከኦዲሽ በኋላ ፖሊዋግ። እንዲህ ያለ መደጋገፍ ሚዛናዊ በሚባሉት ቡድኖች ውስጥ አይታይም። እዚያ ሁሉም ይዋጋል፤ ለማንም የሚሞት የለም። ይህን ሁሉ ከየት አወቅህ አትበሉኝ።

አዘጋጆቹ ግን ለዚህ ጥበብ ክብር የላቸውም። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጡት ሶርድ እና ሺልድ የተባሉት ጌሞች ላይ ከውጊያ የሚገኘውን ልምድ ለስድስቱም አካፈሉት፤ ማጥፊያም አላስቀመጡለትም። ተሸካሚው ሁሉ ሳይፈልግ አደገ። ስንቱ አባወራ አንጀቱ አረረ።

በድሮው ጌም ግን ጀግናችን በመጨረሻ ያሸንፋል። አርባ ምናምን መድኃኒትና አንድ ሙሉ ቅዳሜ ፈጅቶ ሻምፒዮን ይሆናል። ከዚያ ወደ ዝና አዳራሽ ይገባል። ሙዚቃው ይደምቃል፤ ቡድኑም አንድ በአንድ እየወጣ ከነሌቨሉ ለታሪክ ይመዘገባል። ቻሪዛርድ፣ 81። ኦዲሽ፣ 13። ፖሊዋግ፣ 10። ፒጂ፣ 9። ማጂካርፕ፣ 5። በመጨረሻ ራታታ ይወጣል፣ ጥርሱን አግጥጦ፣ ሌቨል 3። ከተያዘበት ቀን ጀምሮ ኪሎው እንኳ አልተነካም።