ማስተካከያ፦ ለአሜሪካ ገበሬዎች ስለሚከፈለው ድጎማ

ስለ አሜሪካ የገጠር አውራጃዎች ባወጣነው ጽሑፍ «ባለእርሻ ሁሉ በየዓመቱ ቁርጥ ያለ ገንዘብ ይታሰብለታል» ብለን ነበር። ስህተት ነው። ያ ቀጥተኛ ክፍያ በ2014 እ.ኤ.አ. በወጣው የእርሻ ሕግ ቀርቷል። ከዚያ ወዲህ ለበቆሎ፣ ለስንዴና ለመሳሰሉት ሰብሎች ድጎማው የሚከፈለው ዋጋ ወይም ገቢ ከተወሰነ መጠን ሲወርድ ነው፤ ስሌቱም፣ ግር ቢልም፣ ገበሬው ዘንድሮ በዘራው ሳይሆን በመዝገብ በሰፈረው የቀድሞ የእርሻ ስፋት ላይ የተመሠረተ ነው።

ከብት አርቢዎችን ከዚሁ ጋር መደባለቃችንም ጥፋታችን ነው። በድርቅ ለጠፋ ግጦሽ የሚከፈላቸው ካሳ ራሱን የቻለ ፕሮግራም ሲሆን፣ አውራጃው ብቁ መሆኑ የሚለየው በየሳምንቱ በሚወጣው የድርቅ ካርታ ነው።

«መሬት ጦም ለማሳደር ይከፈላል» ያልነው ግን ትክክል ነው፤ ውሉ ከ10 እስከ 15 ዓመት ይቆያል።