ዮጋ ፍለጋ ስንወጣ ቅኔ ቤቱን አንለፈው

ከ2007 ዓ.ም. ጀምሮ በየዓመቱ ሰኔ 14 ቀን የዓለም የዮጋ ቀን ይከበራል። እኛ ግን ዮጋን የምናውቀው በቲክቶክ ነው። እግሩን ከአንገቱ ያገናኘ ሰው እናያለን፣ እንገረማለን፣ እናልፋለን።

ሰውነት ማፍታታቱን አልጠላም። ግን ዮጋ ከዚያ አይጀምርም። የጥንቱ ሕንዳዊ ፓታንጃሊ ትምህርቱን ስምንት እርከን አድርጎታል። የሰውነት አቀማመጥ ሦስተኛው ነው። ቀድሞ የሚመጣው ጠባይ ነው፦ ሰው አለመጉዳት፣ እውነት መናገር፣ አለመስረቅ፣ ራስን መግዛት፣ አለመስገብገብ። ቀጥሎ ንጽሕናና ባለው መርካት አሉ። ማለዳ ጣና ዳር ሲያፍታታ ቆይቶ፣ ሲመለስ ከባጃጅ ሹፌር ጋር በመልስ ሳንቲም የሚሰዳደብ ሰው ገና ደጁን አልረገጠም።

እኔን የሚያሳስበኝ ስድስተኛው እርከን ነው። ሐሳብን አንድ ነገር ላይ አስሮ ማቆየት። ዛሬ ክፉኛ የጎደለን ይሄ ነው። ቡና እየተፈላ እንኳ ሁሉም ስልኩ ላይ አቀርቅሯል። ጀበናው ሲገነፍል የሚያይ የለም።

ጎጃም ደግሞ ለዚህ ነገር እንግዳ አልነበረም። ዋሸራና ጎንጅ ስማቸው የገነነው በግዕዝ ቅኔ ትምህርት ቤታቸው ነው። ቅኔ የሚቆጥር፣ ማለትም በአእምሮው የሚያዘጋጅ፣ ተማሪ ከጓደኞቹ ተለይቶ ዛፍ ሥር ይቀመጣል። ወረቀት የለውም። ጉባኤ ቃና የምትባለው አጭር ቅኔ ሁለት ቤት (ስንኝ) ብቻ ናት፤ እሷን ለማግኘት ግን ሲያወጣ ሲያወርድ ይውላል። ቤቱ ካልመታ፣ ሰሙ ከወርቁ ካልገጠመ ያፈርሰዋል። እንደገና ይጀምራል። ኋላ የኔታ ፊት ቀርቦ በቃሉ ይነግራል። የኔታም ያቃናሉ።

ሁለቱ አንድ ናቸው እያልሁ አይደለም። ቅኔ የቤተ ክርስቲያን ምስጋና ነው። ዮጋ ከሂንዱ እምነት ጋር ተሳስሮ ያደገ ነው፤ ስለዚህ «ባዕድ አምልኮ እንዳይሆን» የሚሉ አባቶች ስጋት ከሜዳ የመጣ አይደለም፣ ሊሰማ ይገባል። ሃይማኖት ማደባለቅም አያስፈልግም። ሐሳብን መሰብሰብ ግን የማንም ልጅ የሚችለው ነው፤ የሚያለማምደው ካገኘ።

እናም ለባሕር ዳርና ለደብረ ማርቆስ ትምህርት ቤቶች አንድ ነገር እላለሁ። በሳምንት አንድ ክፍለ ጊዜ ስጡ። ስልክም ደብተርም ይቀመጥ። የቅኔ መምህር ጋብዙና ልጆቹ በአማርኛም ቢሆን ሁለት ስንኝ በአእምሯቸው ብቻ ሠርተው በቃላቸው ይንገሩ። ወጪው የመምህሩ አበል ብቻ ነው።