የአምስት ሰው ድምፅ የት ገባ?

እጣ ሲባል እኛ ቶሎ ትዝ የሚለን ዕቁብና ኮንዶሚኒየም ነው። በአሜሪካዋ ሚሲሲፒ ግዛት ውስጥ ግን የግዛቱ ምክር ቤት ወንበርም በእጣ ወጥቷል።

ነገሩ እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2015 የሆነ ነው። 79ኛው የምርጫ ወረዳ በስሚዝና በጃስፐር ካውንቲዎች ያለ ገጠር ነው። ወንበሩን ይዞ የነበረው ዴሞክራቱ ብሌን ኢተን ከብት የሚያረባ ገበሬ ነው። ተፎካካሪው ሪፐብሊካኑ ማርክ ቱሎስ ደግሞ ጠበቃ። ድምፁ ተቆጥሮ ሲያልቅ ሁለቱም 4,589 አገኙ። እኩል ለእኩል!

የግዛቱ ሕግ እንዲህ ሲሆን እጣ ይውጣ ይላል። ሁለቱ ሰዎች ዋና ከተማው ጃክሰን ሄደው አገረ ገዢው ባለበት ከአንድ ከረጢት ትንንሽ ሳጥን አወጡ። ኢተን ሳጥኑን ሲከፍት ረጅም አረንጓዴ ስትሮ ወጣለት። ለቱሎስ አጭር ቀይ ደረሰው። ኢተን አሸነፈ ተባለ።

እዚህ ላይ ቢያልቅ ኖሮ ይህን ባልጻፍኩ። ቱሎስ ለራሱ ለምክር ቤቱ አቤት አለ፤ የግዛቱ ሕገ መንግሥትም የአባላቱን ምርጫ የመዳኘት ሥልጣን ለምክር ቤቱ ሰጥቷል። በጃንዋሪ 2016 ሪፐብሊካኖች የሚበዙበት ምክር ቤት 5 ድምፆችን ጥሎ ወንበሩን ለቱሎስ ሰጠ። በእሱ መግባት ፓርቲው ከ122 መቀመጫ 74ቱን ያዘ። የግብር ሕግ ለማሳለፍ የሚፈለገው ሦስት አምስተኛ ማለት ነው።

እኔን የሚከነክኑኝ እነዚያ አምስት ሰዎች ናቸው። ስሚዝ ካውንቲ ውስጥ ቤት ቀይረው ነበር። ምርጫ ጣቢያ ሄደው፣ ቃለ መሐላ ፈርመው ድምፅ ሰጡ። የተነሳባቸው ጥያቄ አድራሻ መቀየራቸውን ቀድመው በጽሑፍ አላስታወቁም የሚል ነው። አሜሪካ የምንኖር አበሾች ቤት መቀየር ምን እንደሚመስል እናውቀዋለን። ዕቃ ትጭናለህ፣ መብራት ታዞራለህ፣ የልጆች ትምህርት ቤት ትሯሯጣለህ። የመራጭነት ምዝገባ ማን ትዝ ይለዋል?

ደንቡ ማጭበርበርን ለመከላከል ይጠቅማል፤ እሱን አልክድም። ግን ድምፁ ሲጣል የሚጠቀመውም ፓርቲ፣ ይጣል ብሎ የሚፈርደውም ፓርቲ አንድ ሲሆን፣ ያ ገጠር ያለ መራጭ ማንን ይመን? ምክር ቤቱ ሥልጣኑ አለው፤ ሥልጣኑ ራሱ ነው መነሳት ያለበት። እንዲህ ያለ ክርክር ወደ ፍርድ ቤት ይሂድ። ዳኛው በውሳኔው አንድም መቀመጫ አያገኝም፣ አንድም አያጣም።